ሰማንያ አንድ ሳንቲ ሜትር

አባቴን የምታውቁት ከሆነ ችግሬ ይገባችኋል፤ ካላወቃችሁት ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ከአልጋው እስከ በሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ያውቃል። ከበሩ እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ ዳቦ ቤቱ፣ ከዳቦ ቤቱ እስከ ጤና ጣቢያው ያለውን ቁጥር ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለው ቆጠራው እንዳይጠፋበት መልስ አይሰጥም፤ አንድ ጣቱን ብቻ ከፍ ያደርጋል። በስሙ የሚጠራው የለም። ትልቁም ትንሹም "ጋሽ ሜትር" ነው የሚለው፤ እሱም በዚህ ስም እንደ ሹመት ይኮራበታል።

እውነትም ሹመት ነበር። ከመንደራችን በላይ ያለው ኮረብታ ሆዱ ግራፋይት ነው፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ያ ጥቁር ነገር ማለት ነው። ድሮ ማዕድኑ ሲሠራ የመለኪያ ጥብጣብ እዚያ ዋሻ ውስጥ አይበረክትም ነበር። ብናኙ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፣ የነካውን ሁሉ ያጠቁራል፤ ጥብጣቡ በሳምንቱ ቁጥሩ ጠፍቶ ጥቁር ክር ይሆናል። አዲስ እስኪመጣ ደግሞ ወር ይጠበቃል። የዚያን ጊዜው አለቃ ነገሩ ሲሰለቸው ሠራተኛውን በሙሉ አሰልፎ አራመደና እርምጃው የማይዛነፍ አንድ ሰው አገኘ። አባቴን ሃምሳ ጊዜ አራመዱት፤ ሃምሳውንም ጊዜ ሰማንያ አንድ ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከዚያ ወዲያ ማዕድኑ የሚለካው በአባቴ እግር ሆነ። መዝገቡም "ከዋናው በር ድንጋይ ቀጥታ ይህን ያህል እርምጃ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ይህን ያህል" እየተባለ ተጻፈ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሜትሬ ከአንገቴ አይወርድም። ሁለት ለኪ በአንድ ቤት ሲኖር ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት። መጋረጃ ልሰፋ መስኮት ስለካ አጠገቤ ቆሞ "ምን ያደክምሻል፤ ሁለት እርምጃ ከሩብ ነው" ይለኛል። ለመስኮት። አንድ ጊዜ ደግሞ የደንበኛ ቀሚስ ስለካ በሩ ላይ ቆሞ አስተያየት ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ዓይኔን አፍጥጬበት ነው የተመለሰው።

ማዕድኑ ሲዘጋ እኔ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አሁን አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ዋሻው ተደፍኗል፣ ሐዲዱ ተነቅሎ የበረት አጥር ሆኗል፣ ሰዉም ወደ እርሻው ከገባ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ኩባንያ ማዕድኑን መልሼ እከፍታለሁ ብሎ መጣ። ለባትሪ ነው አሉ፤ ስልኩም መኪናውም ያለ ግራፋይት አልነሣም ብሏል። መንደሩ በአንድ ጊዜ አበደ። ዕድሜውን ሙሉ ከበሬ ሌላ ምንም ነድቶ የማያውቀው ሁሉ "ኦፕሬተር ልሆን ነው" ማለት ጀመረ። በየሳምንቱ ስብሰባ ነው፣ በየስብሰባው ፊርማ ነው። እኔም አርባ የደንብ ልብስ ትሰፊያለሽ ተብዬ የአርባ ሰው ልክ ወሰድኩ፤ ጨርቁ እስከ ዛሬ አልመጣም፣ ከአርባዎቹ ግማሹ ደግሞ በጉጉት ወፍሯል።

የኩባንያው መሐንዲስ ገና ወጣት ሴት ናት። ጨዋ ናት፣ ጥያቄዋ ግን አያልቅም። አንድ ቀን የመንደሩን ኮሚቴ ሰብስባ "የአየር ጉድጓዱ የት ነው?" አለች።

ይሄ ጉድጓድ ድሮ ዋሻው አየር እንዲያገኝ ተብሎ ከላይ ከእርሻው ቁልቁል የተቆፈረ ነው፤ ጥልቀቱ ሃያ አምስት ሜትር ይሆናል። ማዕድኑ ሲዘጋ አፉን በሳንቃ ከድነው አፈር መለሱበት፣ በላዩም ላይ ትራክተር ተመላለሰበት። አጠገቡ የነበረው የጥበቃ ቤት ፈርሷል፣ ዛፉ ተቆርጧል። የት እንደነበር ሲጠየቅ ሁሉም ሰው በእርግጠኝነት በጣቱ ያሳያል፤ ግን ሁሉም የሚያሳየው የተለያየ ቦታ ነው። የመሐንዲሷ መሣሪያም አልረዳንም። ግራፋይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መሬት ውስጥ ያያል የተባለው መሣሪያ እኛ ኮረብታ ላይ ሲወጣ ያብዳል።

"ሳንቃው እስካሁን በስብሷል" አለችን። "ከባድ መኪና ካለፈበት ይዞት ይገባል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘ ከዋናው በር እስከ መንገዱ ያለው ተዳፋት በሙሉ ይታጠራል። ሰው አይገባበትም፣ አይታረስም።"

እዚያ ተዳፋት ላይ የእኛ የሽንኩርት እርሻ አለ። እናቴ ድንጋዩን በእጇ አንድ በአንድ ለቅማ ያቀናችው መሬት ነው፤ የለቀመችው ድንጋይ ዛሬም ዳር ዳሩን ተከምሮ ይታያል። እሷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። ልብሷን ለሰው ሰጥተናል፣ ፎቶዋም አንድ ነው፤ እሱም ደብዝዟል። ያ መሬት ከታጠረ ከእጇ ሥራ የሚቀረን ነገር የለም። እኔ ስለ ባትሪውም ስለ ደንብ ልብሱም ብዙ ግድ አልነበረኝም፤ እርሻው እንዳይታጠር ብቻ ነበር ጭንቀቴ።

ከእርሻችን ጎን የጋሽ ወልጋዳ እርሻ ነው። ጋሽ ወልጋዳ ቁመናው እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ሽማግሌ ነው፤ ስሙ የመጣው ከዋሻው ነው። ድሮ ቆፋሪ ነበር። ዋሻውን ከውስጥ እየቆፈረ ከአየር ጉድጓዱ ጋር እንዲያገናኘው ታዝዞ ስምንት ወር ቆፈረ። የተባለውን ርቀት ጨረሰ፣ አልፎም ሄደ፤ ጉድጓዱ የለም። አለቃው በሠራተኛው ሁሉ ፊት "አንተ ወልጋዳ፣ ጠመህ ነው የቆፈርከው" ብሎ አባረረው። ከሁለት ወር በኋላ ማዕድኑ ራሱ ተዘጋ፤ ስሙ ግን ሰውየው ላይ ቀረ። ልጁ እንኳ ትምህርት ቤት "የወልጋዳ ልጅ" እየተባለች ነው ያደገችው። እሱ አንድም ቀን መልስ ሲሰጥ አልሰማሁም። ብቻ ሲባጎ ሳይወጥር አንድ ፈር አያወጣም። ለጎመኑ ሲባጎ፣ ለአጥሩ ሲባጎ፤ የልብስ ማስጫውን ችካል ሲተክል እንኳ ሲባጎ ወጥሮ ነው።

መሐንዲሷ የድሮውን መዝገብ ከሆነ መጋዘን ፈልጋ አገኘችው። ስለ አየር ጉድጓዱ የሚለው "ከዋናው በር ድንጋይ ቀጥታ መቶ አርባ እርምጃ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘጠና አምስት" ነው። የበሩ ድንጋይ እስካሁን ቆሟል። የማን እርምጃ ነው ስትል ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ፤ አባቴም ደረቱን ነፋ።

ሰኞ ጠዋት ግማሹ መንደር ወጥቶ ጋሽ ሜትር ሲለካ ተመለከተ። ዱላውን አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። "አባዬ፣ ዱላህን ያዝ" ስለው "በዱላ የለካሁበት ቀን አለ?" አለኝ። ተረከዙን ከድንጋዩ አስጠግቶ ጀመረ። የሽማግሌ እርምጃ ነው፤ አንዳንዱ ከጫማው ቁመት ብዙ አይበልጥም። ቆጠረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ቆጠረና ቆመ። "እዚህ ጋ" አለ።

መሐንዲሷ መሣሪያዋን አየት አደረገች። "አባቴ፣ እርምጃዎ በአማካይ ሃምሳ አራት ሳንቲ ሜትር ነው የመጣው" አለችው ቀስ ብላ።

"መሣሪያሽን ለጠጋኝ አሳዪው" አላት።

ማክሰኞ ሲራመድ ሌላ ቦታ ደረሰ። ረቡዕ ጉልበቱን አሞት ስለነበር ከማክሰኞው አሥር ሜትር ቀድሞ ቆመ። በሦስቱም ቀን "እዚህ ጋ" ያለው በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ነው። "አባዬ፣ ሰው ሲያረጅ እርምጃው ያጥራል፤ ነውር የለውም" አልኩት። "የሌላ ሰው ነው የሚያጥረው" አለኝ። ከግድግዳ ጋር ብነጋገር ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ መሐንዲሷ አባቴን ትታ ቁጥሩን ያዘች። መቶ አርባውንም ዘጠና አምስቱንም በሰማንያ አንድ ሳንቲ ሜትር አባዝታ ነጥቡን ስታስቀምጥ ከወሰናችን ሦስት ሜትር አልፎ ጋሽ ወልጋዳ እርሻ ላይ አረፈ። ኤክስካቫተር መጥቶ በሲባጎ የተሰመሩትን ፈሮች አፈራርሶ ሦስት ሜትር ወረደ። ከሸክላ አፈር በቀር ምንም የለም። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ "የወልጋዳ መሬት አይደል፤ ጉድጓዱም ተወላግዶ ሄዷል" ብሎ ሰዉን አሳቀ። ጋሽ ወልጋዳ እጁን አጣጥፎ የፈረሰውን ፈር ያያል፤ ሳቁን የሰማ አይመስልም። አባቴ በሰው ላይ ቀልድ ሲመጣ የመጀመሪያው ሳቂ ነው፤ ያን ቀን ግን አልሳቀም። "መዝገቡ ነው የተሳሳተው፤ አለቃው ነው አሳስቶ የጻፈው" አለና ዱላውን ከእጄ ነጥቆ ወደ ቤት ሄደ። እኔ ውርደቱ ነው ያናደደው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ መሐንዲሷ የተተረተረ ኪሷን ልታሰፋ ክፍሌ መጣች። አባቴ ለጉልበቱ ጤና ጣቢያ ሄዷል። እኔ ስሰፋ እሷ እንደ ልማዷ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ በሩን እያየች "አባትሽ በዚያን ጊዜ በእርምጃ ለክተው የሠሩት፣ እስካሁን የቆመ ነገር ይኖር ይሆን?" አለችኝ።

"ውስጡ ነው የተቀመጥሽው" አልኳት።

ቤታችንን የሠራው አባቴ ነው። "አሥራ ሁለት በሰባት" ይላል፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሳይናገር አይቀመጥም። መሐንዲሷ የብረት ሜትሯን አወጣችና አንድ ጫፍ እሷ፣ አንድ ጫፍ እኔ ይዘን ለካን። ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር ከሰባ ሁለት ነው። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ሰማንያ አንድ። ወርዱ አምስት ሜትር ከስልሳ ሰባት ነው፤ ለሰባት ሲካፈል ያው ሰማንያ አንድ። ግትሩ አባቴ ለአንዲት ሳንቲ ሜትር እንኳ አልተዛነፈም። ሳላስበው ኮራሁበት።

"ይሄኛው ክፍልስ?" አለች፤ መሐንዲስ መቼ በቃኝ ያውቃል።

የእኔ ክፍል እኔ ከተወለድኩ በኋላ ከቤቱ ጎን የተቀጠለ ነው። "አምስት በአምስት" ይለዋል አባቴ። ለካነው፤ ሦስት ሜትር ከሰባ። እኔ ጫፉን በደንብ አልያዝኩ ይሆናል ብዬ እንደገና ለካን። ሦስት ሜትር ከሰባ።

እዚህ ላይ ስለ ጠረጴዛዬ ልናገር። የዛሬ አሥር ዓመት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላሠራ ፈለግኩ። ክፍሉ በጨርቅ ተሞልቶ ስለነበር ያን ሁሉ አንሥቶ መለካት ሰነፍኩና አባቴን ጠየቅኩት፤ እኔ፣ ሜትር ከአንገቴ የማይወርደው። "አምስት እርምጃ ነው፤ አራት ሜትር ከአምስት" አለኝ። አናጢው አራት ሜትር አድርጎ ሠርቶ ሲያመጣው አልገባ አለ። ሰው በተሰበሰበበት "ልክ የማታውቅ አናጢ" ብዬ አዋረድኩት። እሱም ጠረጴዛውን ቆርጦ አስገባልኝና ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ነክቶ አያውቅም። አባቴ ያን ቀን እዚያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ትንፍሽ አላለም።

መሐንዲሷ በወረቀት አካፈለች። "ሰባ አራት" አለች። "ክፍሉ የተሠራው በየትኛው ዓመት ነው?"

"እኔ በተወለድኩበት ዓመት።"

መዝገቡን ከቦርሳዋ አውጥታ ገለጠች። ቀጥታ ያለው መቶ አርባ እርምጃ የተለካው ቀደም ብሎ ነው። ወደ ቀኝ ያለው ዘጠና አምስት ግን በዚያው እኔ በተወለድኩበት ዓመት ነው የተጻፈው። በእያንዳንዱ እርምጃ ሰባት ሳንቲ ሜትር ቢጎድል በዘጠና አምስቱ ላይ ስድስት ሜትር ከስልሳ አምስት ይጎድላል። ጉድጓዱ ከጋሽ ወልጋዳ እርሻ ወደ ኋላ ተመልሶ የእኛ ሽንኩርት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። እኔ በዚያች ሰዓት ሽንኩርቱ ትዝ አላለኝም። ወደተነገረው ቦታ ቀጥ ብሎ የቆፈረ ሰው ከጉድጓዱ ጎን ስድስት ሜትር ርቆ ስለሚያልፍ ሊያገኘው እንደማይችል ነበር የገባኝ። ስምንት ወር አይደለም፣ ስምንት ዓመት ቢቆፍርም።

"አንድ ጊዜ ቆፍረን ተዋርደናል" አለች መሐንዲሷ። "ለሁለተኛው አለቆቼ የሚፈቅዱት አባትሽ ራሳቸው ኮሚቴው ፊት ምክንያቱን ተናግረው በቃለ ጉባኤ ከተያዘ ብቻ ነው። ሁለቱም ባለመሬቶች ባሉበት።"

ሁለተኛው ባለመሬት ጋሽ ወልጋዳ ነው።

አባቴ ከጤና ጣቢያ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅኩት። "የትኛው እግርህ ነው?" አልኩት።

"ሐኪሙ ሁለቱም ጉልበቴ ነው የሚለው።"

"የዛሬውን አይደለም። ክፍሌን ለክተነዋል፤ እኔ ስወለድ የተጎዳኸውን ነው የምልህ።"

ወንበር በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ። የተለካውን ክፍል አየ፣ እኔን አየ፤ መካድ እንደማያዋጣው ገባው መሰለኝ ሁሉንም ነገረኝ። አንድ ጠዋት ግራፋይት የጫነ ጋሪ ሐዲዱ ላይ አሟልጮት ዳሌውን ከዋሻው ግድግዳ ጋር አጣበቀው። ያየው ሰው አልነበረም። ሆዴን አሞኛል ብሎ ሁለት ሳምንት ተኛ። እርምጃው የተበላሸ ሜትር ማን ይቀጥራል? እናቴ ደግሞ እኔን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ስለዚህ ተነሥቶ ሰው ፊት ሳያነክስ መሄድን ተለማመደ። ጥርሱን ነክሶ ቀጥ ይላል፤ እርምጃው ግን አጥሯል። ዘጠና አምስቱን የቆጠረው በዚያ እግር ነው።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ይሄን ክፍል ስሠራ። አምስት ቆጥሬ መሠረቱን አወጣሁ። መጨረሻ ላይ ቆርቆሮው ሲተርፈኝ ገባኝ።" ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። "እሱን ያባረሩት በዚያ ሳምንት ነው። ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ማዕድኑ ተዘጋ። ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ምን ይጠቅማል አልኩ።"

ደሜ ፈላ። ያቺ "የወልጋዳ ልጅ" ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበር የተማረችው። ስትጣላኝ እኔም በዚሁ ስም ሰድቤያታለሁ፤ እያለቀሰች ቤቷ ስትሄድ አይቻለሁ። አባቴ ማታ ደብተሬን ተቀብሎ ሲያይ ያንን ሁሉ ያውቅ ነበር።

"አናጢውስ?" አልኩት። በዚያ ሁሉ መሃል እሱ ትዝ አለኝ።

"እሱንም አውቃለሁ" አለ።

"በቃ፣ ቅዳሜ ኮሚቴው ፊት ትናገራለህ።"

"እርሻውን ይጠሩት።"

"ምን አልክ?"

"ይጠሩት አልኩሽ። ሌላ ሰው ይናገርልኝ፣ አልክድም። እሱ ፊት ግን አታቁሙኝ።"

"አባዬ፣ እናቴ ያቀናችው መሬት ነው።"

"እናትሽ ታውቅ ነበር" አለኝ። "ንገረው እንዳለችኝ ነው የሞተችው።"

ክፍሌ ገብቼ ማሽኔን ማሽከርከር ጀመርኩ፤ ምን እንደሰፋሁ አላስታውስም። በጣም ጠልቼው ነበር፤ ይሄን አልደብቅም። እዚያው ላይ ደግሞ ዳሌው ተጎድቶ እርጉዝ ሚስቱ እንዳትራብ ጥርሱን ነክሶ ሲሄድ ይታየኛል። የተደበቀው በእኔ ምክንያት ነበር፤ የበላሁት እንጀራ ከዚያ የመጣ ነው ብዬ ሳስብ በራሴም ተናደድኩ።

ቅዳሜ ስብሰባው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ፣ በማዳበሪያ ከረጢቶች መሃል ነበር። አባቴ ከጤና ጣቢያ ከተመለሰ ወዲህ ከቤት አልወጣም፤ ጠዋት ስጠራውም መልስ አልሰጠኝም። ብቻዬን ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ጋሽ ወልጋዳና ሚስቱ ከፊት ናቸው። ሊቀ መንበሩ የአጥሩን ጉዳይ ማንበብ ሲጀምር በሩ ተከፈተና አባቴ ገባ። ለእሱ ሁልጊዜ የሚቀመጥለት ወንበር ነበር፤ አልፎት ሄዶ ጋሽ ወልጋዳ ፊት ቆመ።

"ዘጠና አምስቱን ስቆጥር እግሬ ተጎድቶ ነበር" አለ። "ሥራዬን እንዳላጣ ደብቄ ነው የቆጠርኩት። ጉድጓዱ የተቆፈረው ያለ ቦታው ነው። አንተ ቀጥ ብለህ ነው የቆፈርከው።"

ጸሐፊው ከደብተሩ ቀና ብሎ "ጋሽ ሜትር፣ አልደረስኩበትም፤ መጨረሻ ላይ ያሉትን ይድገሙልኝ" አለ። በሕይወቴ ሰው በደብተር መምታት ያማረኝ ያን ቀን ነው። አባቴ ግን ደገመው፤ ቀስ ብሎ፣ ለመጻፍ እንዲመች አድርጎ፣ ዓይኑን ከጋሽ ወልጋዳ ሳያነሣ። "አንተ ቀጥ ብለህ ነው የቆፈርከው።" ሁለተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ።

ጋሽ ወልጋዳ ተነሣ። የባርኔጣውን አቧራ አራገፈ፣ አናቱ ላይ አደረገና ወጣ። ሚስቱ ተከተለችው። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ሰኞ ኤክስካቫተሩ ተመልሶ መጣ። ከወሰናችን ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ቆፈረ፤ አንድ ሜትር ተኩል ሲወርድ እንጨት ነካ። ሳንቃው ጠቁሮ እንደ እርጥብ ዳቦ ይፈረፈራል፤ ከሥሩ የወጣው አየር ቀዝቃዛ ነበር። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች አጥር ታጠረች፣ የቀረው እርሻ በሙሉ ተረፈ። መሐንዲሷ አቀፈችኝ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ከእርሻው በቀጥታ አናጢው ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ ስለ ጠረጴዛው ከሰደበኝ በኋላ ሻይ አጠጣኝ። አባቴ ግን የዳነውን ሽንኩርት አንዴም ዞር ብሎ አላየውም፤ መንገድ መንገዱን ያያል። ጋሽ ወልጋዳ አልመጣም።

ማክሰኞ ጠዋት አባቴ ንጹሕ ሸሚዝ አውጪልኝ አለኝና እስከ ጋሽ ወልጋዳ በር አብሬው ሄድኩ። ሚስቱ በሩን በትንሹ ከፈት አድርጋ "የለም" አለች። ጫማው አጠገቧ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

"እሺ" አለ አባቴ፤ ደጁ ላይ ባለችው አግዳሚ ተቀመጠ። በሩ ተዘጋ።

"አባዬ፣ እንሂድ እንጂ። አልፈልግም ብሏል እኮ።"

"አንቺ ሂጂ፣ ሥራ አለሽ።"

"ፀሐዩ አናትህ ላይ ነው።"

"ሂጂ አልኩሽ።"

በምሳ ሰዓት ባርኔጣና ውኃ ይዤ ስመለስ እዚያው ነው። ማታ ራሱ ተነሥቶ መጣ። ረቡዕም ሄደ፤ ረቡዕም በሩ አልተከፈተም። ሐሙስ ልብሳቸውን ለመውሰድ የመጡ ደንበኞቼን አስቁሜ ውኃ ማመላለስ ሲሰለቸኝ "ሰውየው ሊያናግርህ አይፈልግም፣ መብቱ ነው፣ እስከ መቼ ነው የምትቀመጠው?" ብዬ ጮህኩበት። አባቴ ውኃውን ጠጥቶ ኩባያውን ሲመልስልኝ ከበሩ ኋላ፣ ከቅርብ፣ የጋሽ ወልጋዳ ድምፅ መጣ።

"ከግራዬ ድምፅ ነበር" አለ።

አባቴ ዱላውን ተመርኩዞ ተነሣና ወደ በሩ ዞረ።

"ስቆፍር ከግራዬ መዶሻ እሰማ ነበር" አለ ድምፁ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰምቻለሁ። ጉድጓዱ በግራ በኩል ነው ብዬ ለአለቃው ነገርኩት። ለአንተም ነግሬህ ነበር።"

"ነግረኸኛል" አለ አባቴ።

"ምን ነበር ያልከኝ?"

አባቴ ረስቶት አልነበረም፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። "ዋሻ ውስጥ ድምፅ ያታልላል፣ አንተ ዝም ብለህ ቆፍር አልኩህ።"

በሩ አልተከፈተም። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ወንበር ወለል ላይ ሲጎተት ሰማን፤ ጋሽ ወልጋዳ ከበሩ ኋላ ተቀመጠ። አባቴም በዚህኛው በኩል ተመልሶ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠ። እኔ ባዶውን ኩባያ ይዤ ወደ ደንበኞቼ ሄድኩ።